የሰባተኛው ጥንድ እመቤት

ኦቶኒኤል ሰላም ብሏት ካለፈ ዛሬ ሃያ ሁለት ቀኑ ነው። ታይናራ አልቆጠርኩም ብትል ማንም አያምናትም፤ ጓደኛዋ ክሌይዴማ ጨርሶ አታምናትም፣ ቀኑን አብራት ስትቆጥር የከረመችው እሷ ናትና።

ከዚያ በፊት ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ከመጋቢት ጀምሮ ልጁ የኬሚስትሪ ደብተሩን ያውሳት ነበር። እሷ ደብተር አጥታ አይደለም፤ እሱም ኬሚስትሪ ስለሚችል አይደለም። በገጹ ዳር፣ ለማጥፋት እንዲመች በእርሳስ፣ «ዛሬ ፀጉርሽን ለቀሽው መጥተሻል» ብሎ ይጽፋል። እሷም ከሥሩ «ሦስተኛው ስሌት ተሳስቷል» ብላ ትመልስለታለች። እንዲህ ዓይነቱን ፍቅር የማያውቅ አንባቢ ካለ ትምህርት ቤት አልገባም ማለት ነው። በግንቦት መጨረሻ ግን የአባቱ ነጭ ፒክአፕ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ኦቶኒኤል በታይናራ አጠገብ ሲያልፍ መሬት መሬቱን እያየ ሆነ።

አባቱ ሴኡ አዴርባል ይባላሉ። በከተማዋ ዙሪያ ከሚግጡት ፍየሎች ግማሾቹ የሳቸው ናቸው፤ የተቀሩትም ቢሆኑ አንድ ቀን ለሳቸው መሸጣቸው አይቀርም። የታይናራ እናት ደግሞ በአውቶቡስ መናኸሪያው ላይ በቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ የበቆሎ ፓሞኛ ትሸጣለች። ይህ ብቻውን ሁለት ልጆችን ለመለየት በቂ ነበር። ግን ሌላም ነገር አለ።

ታይናራ ስትወለድ ወንድ ተብላ ነው የተመዘገበችው። ሴት መሆኗን ግን ከማንም ቀድማ እሷ ታውቅ ነበር። አምና፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ አንድ ሳምንት አለቀሰች፤ በሁለተኛው ሳምንት አበባ ያለው ጨርቅ ገዝታ ልኳን ወሰደች። ዘንድሮ ትምህርት ሲከፈት የታሪኩ መምህር ኖርቤርቶ የክፍሉን ስም ሲጠሩ «ታይናራ» አሉ። ሠላሳ አራት ተማሪ ዞሮ አያት። ሠላሳ ሦስቱ ወዲያው ፊታቸውን መለሱ፤ ኦቶኒኤል ግን ደወል እስኪደወል አልመለሰም።

ዛሬ ሰኔ ላይ የሚከበረው የትምህርት ቤቱ የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ነው። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ጓደኛሞች በስምንተኛ ክፍል ውስጥ በራቸውን ዘግተው ይለባበሳሉ። ታይናራ በተቃጠለ ቡሽ በክሌይዴ ከንፈር ላይ ፂም እየሳለች ነው።

«አትሳቂ፣ ጠመመ።»

«ይጥመም። የአጎቴም ጠማማ ነው፣ ሚስት ግን አላጣም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የበዓሉ ጭፈራ በጥንድ ነው፤ ያለ ጥንድ ማንም አይገባም። የታይናራ ጥንድ የነበረው ጃድሶን ረቡዕ ዕለት መጥቶ፣ ጫማውን እያየ፣ «አባቴ ከለከለኝ» አላት። ለምን ብላ አልጠየቀችውም። ክሌይዴም ያን ቀን በጊዜ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ የወንድሟን ሱሪና የገለባ ባርኔጣ ይዛ መጣች፣ የራሷንም ቦታ ለተጠባባቂዋ ልጅ ለቀቀች። ወንድ ሲጎድል ሴት ልጅ ፂም ተቀብታ መጨፈሯ በዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ክሌይዴ ከኅዳር ጀምሮ ሪባን በሪባን እያደረገች የሰፋችውን ቢጫ ቀሚስ ሳትለብሰው ሳጥን ውስጥ መክተቷ ነው።

«ቀሚስሽስ?» አለቻት ታይናራ፣ ስትፈራው የቆየችውን ጥያቄ።

«ቀሚስ እግር የለውም፣ የትም አይሄድብኝም።»

«ሰባት ወር እኮ ነው የሰፋሽው።»

«ሰባት ወር የሰፋሁት ካንቺ ጎን ልጨፍር ብዬ ነው። አሁን ከጎንሽ አልፌ ፊት ለፊትሽ ሆንኩ። በይ ከንፈርሽን ቀቢ፣ እመቤቴ።»

ታይናራ ከንፈሯን ቀባች። እንዲህ ያለ ጓደኛ ለሷ የተሰጣት በምን ሥራዋ እንደሆነ አሰበች።

ግቢው በወረቀት ባንዲራ ተሸፍኗል። አኮርዲዮን ይንቆረቆራል፣ የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል፤ ፀሐይ ስትገባ የሚለኮሰው የእንጨት ክምር ከመሃል ቆሟል። ሁለቱ ልጆች ቁጥር ሰባት የሚል ጨርቅ በደረታቸው ላይ ሰክተው ሲወጡ ከበቆሎ ሰልፉ ውስጥ አንድ ልጅ ጠራቸው።

«ሰባት ቁጥሮች፣ ከናንተ ማናት ሴቷ?»

ክሌይዴ የተቀባ ፂሟን በጣቶቿ ጠመዘዘች። «እኔ እንኳ አበቀልኩ። አንተ እስካሁን ምን ይዞህ ነው?» ሰልፉ ሳቀ፣ ልጁ ቀላ። ታይናራም ሳቀች፤ ጥያቄው ግን በሆዷ ውስጥ ቀረ።

ዶና ኪቴሪያ የመጡት በዚያ መሃል ነው። እኒህ አሮጊት በከተማዋ ያልተቀበሉት ልጅ የለም ይባላሉ፣ አዋላጅ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየዓመቱ በዚህ በዓል የፍቅር ፖስታ አመላላሽ ሆነው ያገለግላሉ። የፈለገ ሰው ከጠረጴዛው ላይ ቀይ ወረቀት ወስዶ ይጽፋል፤ ፊርማ የለም፣ የተቀባዩን ምልክት ብቻ ከላይ አድርጎ ያጥፈዋል፤ ዶና ኪቴሪያ በትከሻቸው ባንጠለጠሉት ቦርሳ ያደርሱታል። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የዚያ ቦርሳ ወረቀት ስንቱን አጋብቷል።

አሮጊቷ ከፊታቸው ቆሙ፣ ከቦርሳቸው አንድ ቀይ ወረቀት አወጡ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ከላዩ ያለውን አነበቡ። «ለሰባተኛው ጥንድ እመቤት።»

የታይናራ እጅ ሳታዘው ተዘርግቶ ነበር። ዶና ኪቴሪያ ቀና ብለው እሷን አዩ፣ ቀጥሎ ክሌይዴን አዩ፤ ደብዳቤውን በተዘረጋው እጅ ላይ አሳልፈው በክሌይዴ መዳፍ ውስጥ አኖሩት። «እንቺ የኔ ልጅ» አሉ፤ ፈገግ ብለው ወደ ሌላ ሰው ሄዱ። ክፋት አልነበረባቸውም። የከፋውም ይኸው ነው፣ የሚናደዱበት ሰው አልነበረም።

ክሌይዴ ጓደኛዋን በእጇ ጎትታ ከውኃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ወሰደቻትና ወረቀቱን ከፍታ አነበበችላት።

«ለሰባተኛው ጥንድ እመቤት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላም ሳልልሽ ማለፌ ስላልወደድኩሽ አይደለም። ፈርቼ ነው። ዛሬ በሠርጉ ቴአትር ላይ ሙሽራው ሲሸሽ፣ ወዴት እንደሚሸሽ ተመልከቺ።»

ማን እንደጻፈው ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ከጭፈራው በፊት ሁልጊዜ የሠርግ ቀልድ አለ፤ ሙሽራው እሺ ከማለቱ በፊት ወደ በሩ ይሸሻል፣ ፖሊስ በእንጨት ጠመንጃ እያስፈራራ ይመልሰዋል። የዘንድሮው ሙሽራ ኦቶኒኤል ነው።

«ያንቺ ነው፣ እንቺ» አለች ክሌይዴ።

«በጅሽ ነው የተሰጠው።»

«እኛን ለመለየት የደከመ ዓይን ነው የሰጠኝ።»

«ዓይናቸው አልደከመም፣ አንብበዋል እኮ። ፂም ያለሽ አንቺ ነሽ፣ ቀሚስ የለበስኩት እኔ ነኝ፤ ሴት ሲባል ግን እጃቸው ወዳንቺ ሄደ።»

«የተሳሳቱት እሳቸው ናቸው፤ እሱ አይደለም።»

«እሱስ ስሜን ለምን አልጻፈውም? አንቺንም ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላም አላለሽም፣ አብረን ስለሆንን። ወይ ላንቺ ጽፎታል፣ ወይ የኔን ስም መጻፍ አፍሮ ነው። የትኛው እንደሚሻል ንገሪኝ፣ እሱን ልመን።»

ክሌይዴ ወረቀቱን አጥፋ በሸሚዟ ኪስ ከተተችው። «እኔ እይዘዋለሁ፣ እስክናውቅ ድረስ። ለኔ ጽፎት ከሆነ ግን ፂሜን ሳላጥብ ነው በጥፊ የማጮለው።»

ታይናራ እያለቀሰች ሳቀች። በዚያች ደቂቃ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፦ ያ ልጅ በሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንን እንደሚወድ ይናገር። የሚወደው እሷን ባይሆን እንኳ ይናገረውና ትገላገል።

ሕዝቡ ወንበሩን ሞልቷል። ሴኡ አዴርባል ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሙዚቀኞቹን ያመጡት እሳቸው ናቸውና የክብር ቦታ የሳቸው ነው። ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። አሥሩ ጥንዶች በሁለት ረድፍ ቆመዋል፣ ወይዛዝርቱ በግራ፣ ጌቶቹ በቀኝ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ልጅ ማርሊዩዛ ከመስኮት መጋረጃ የተሠራ ቬሎ ደፍታ ሙሽራ ሆናለች፤ የውሸቱ ቄስ ከስልክ ማውጫ ላይ እያነበበ ሰዉን በሳቅ ይገድለዋል።

«አንተ ኦቶኒኤል፣ ይህችን ቆንጆ ታገባለህ ወይስ ታስቸግራለህ?»

«ቆይ ላስብበት» አለ ኦቶኒኤል፤ እንዳለም ሮጠ።

ሕዝቡ እንደ ልማዱ አስካካ። ፖሊሱ የእንጨት ጠመንጃውን አንስቶ በሩ ላይ ጠበቀው። ኦቶኒኤል ግን ከግቢው መሃል ሲደርስ ታጠፈ፤ ወደ ወይዛዝርቱ ረድፍ ሮጠ፣ አንደኛዋን አለፈ፣ አራተኛዋን አለፈ፣ ሰባተኛዋ ፊት ሲደርስ ቆመ። ከማዶ የጌቶቹ ረድፍ ውስጥ ክሌይዴ ነበረች። ወደሷ ዞር እንኳ አላለም።

ሳቁ ጨመረ። ሰዉ የቀልዱ አዲስ ጨዋታ መስሎታል።

ታይናራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይሄ ቴአትር ነው?»

«አይደለም።»

«ባርኔጣህ ቴአትር ነው። ፂምህ ቴአትር ነው። ይኸው ሰዉ ሁሉ እየሳቀብኝ ነው።»

ኦቶኒኤል ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ጣለው። በሸሚዙ እጅጌ የተቀባ ፂሙን ጠረገ፤ ጥቁሩ በጉንጩ ላይ ተዘረጋ፣ ከሥሩ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የፈራ ፊት ወጣ። ከፊት ወንበሮች ላይ ሳቁ ቀነሰ።

«ስሜን ለምን አልጻፍከውም?»

«የፖስታው ጠረጴዛ ከአባቴ ወንበር አንድ ክንድ አይርቅም። ካንቺ ጋር ካየኝ ወደ ሳኦ ፓውሎ፣ ወደ አጎቴ እንደሚልከኝ ነግሮኛል። ስምሽን ቢያየው ደብዳቤው አንቺ ጋ አይደርስም ብዬ ነው።»

«አሁንስ አትፈራም?»

«አሁንም እፈራለሁ። እየፈራሁ ነው የመጣሁት።»

አየችው። አኮርዲዮኑን የሚጫወተው ሰውዬ አንድ ነገር እንደተፈጠረ ገብቶት ጣቶቹን አነሳ። ኦቶኒኤል ወደ ሕዝቡ ዞረ። ጮኾ አልተናገረም፣ መጮህም አላስፈለገውም።

«ታይናራ ትባላለች» አለ። «ደብዳቤውን የጻፍኩት ለታይናራ ነው። የምወደው እሷን ነው።»

ያንን ስም ለራሷ ያወጣችው ብቻዋን ነው፣ በመስታወት ፊት፣ እናቷ ገበያ በወጣች ቀን። ከዚያ በኋላ በክፍል መዝገብ ተጠርቷል፤ እናቷም ምላሷን እያስለመደች ጠርታታለች። እንዲህ ግን ማንም ጠርቷት አያውቅም፣ የሚያጣውን እያወቀ፣ በሦስት መቶ ሰው ፊት። ታይናራ ቆማ ስሟን በአየር ላይ የምታየው መሰላት። ሰማዩ፣ የወረቀቱ ባንዲራ፣ የሰዉ ፊት ሁሉ አዲስ ሆነባት፤ ዓለም እንዲህ ሰፊ እንደነበረ ማንም አልነገራትም ነበር።

ሰዉ ሁሉ ወደ ሴኡ አዴርባል ዞረ። እሳቸው ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ራሳቸው ላይ ደፉ። ሁሉም ሊሄዱ ነው አለ። አልሄዱም። ክንዳቸውን አጣምረው፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ፣ እዚያው ተቀመጡ። ነገ ምን እንደሚሉ የሚያውቅ የለም፤ ለዚያን ቀን ግን ያ መቀመጥ ብዙ ነበር።

ቀድመው የተንቀሳቀሱት ዶና ኪቴሪያ ናቸው። ከወንበራቸው ተነስተው ቀስ እያሉ፣ ቦርሳቸውን በትከሻቸው እንዳንጠለጠሉ፣ ወደ ጭፈራው ሜዳ ገቡ። መጀመሪያ ክሌይዴ ፊት ቆሙ።

«የሰጠሁሽን መልሺልኝ።»

ክሌይዴ ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ሜዳውን ተሻግረው ታይናራ ጋ ሲደርሱ ትንሽ አረፉ። ሲናገሩ ለሷ ነው የተናገሩት፣ ሌላው ሰው ግን መስማቱን አልጠሉትም።

«አንቺን የተቀበልኩሽ እኔ ነኝ። በዚህ እጄ ከአራት መቶ ልጅ በላይ ተቀብያለሁ፤ ለእናትየዋ ምን እንደወለደች የምነግራት እኔ ነኝ። የተሳሳትኩት ባንድ ልጅ ብቻ ነው፣ እሱም ሁለት ጊዜ። አንዴ ያን ሌሊት፣ አንዴ ዛሬ።» መነጽራቸውን አስተካክለው፣ እንደገና እንደ አዲስ፣ ከላዩ ያለውን አነበቡ። «ለሰባተኛው ጥንድ እመቤት። እንቺ ልጄ፣ ያንቺ ነው።»

ታይናራ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። «ይባርኩኝ፣ ዶና ኪቴሪያ።»

«እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ የኔ ልጅ» አሉና አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ።

ኦቶኒኤል እጁን ዘረጋላት። «አብረሽኝ ትጨፍሪያለሽ?»

ሰውነቷ በሙሉ እሺ አለ። አፏ እሺ ሊል ሲከፈት ግን ከማዶ ያለችውን አየች። ክሌይዴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላለች፤ ለልጁ ልትሰጠው የገለባ ባርኔጣዋን አውልቃ ይዛለች። ፊቷ ላይ ቅር ያላት ነገር የለም። ደስ ብሏት እያለቀሰች ነው።

ታይናራ ሜዳውን አቋርጣ የክሌይዴን ሱሪ ማንጠልጠያ ያዘች።

«ወዴት?»

«ቦታውን ልለቅለት ነዋ።»

«ማን ልቀቂ አለሽ? ባርኔጣሽን አድርጊ።» ከዚያ ወደ ኦቶኒኤል ዞረች። «አንተ ሂድና ማርሊዩዛን አግባ። ቆማ እየጠበቀችህ ነው፣ ፖሊሱም ክንዱ ዛለ። እኔ ጥንድ አለኝ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን ና፤ በፊት ለፊቱ በር፣ እናቴ እያየችህ።»

ልጁ አያት። ተቆጣ ወይም አዘነ የሚል ካለ አላየውም ማለት ነው፤ እንዲያውም የበለጠ የወደዳት ያኔ ነው። «በፊት ለፊቱ በር» አለ፣ ባርኔጣውን ከመሬት አንስቶ አራገፈና ጉንጩን እንዳጠቆረ ወደ ሙሽራዋ ተመለሰ። ማርሊዩዛ በቬሎዋ ዓይኗን ጠርጋ፣ «እኔም ብሆን ለዛሬ ብቻ ነው የማገባህ» አለችው፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

አኮርዲዮኑ ጀመረ። መምህር ኖርቤርቶ በድምፅ ማጉያው እየጠሩ ጥንዶቹን አዞሩ፣ አሻገሩ፣ በእጅ በተሠራ ዋሻ ሥር አሳለፉ። በዚህ ጭፈራ ጠሪው «እባብ!» ሲሉ ወይዛዝርቱ እየጮሁ ይዘላሉ፣ ጌቶቹ «ውሸት ነው!» ብለው ይመልሳሉ፣ ጭፈራው ይቀጥላል። በልምምዱ ሁሉ ታይናራ አንድ ቀን እንኳ ጮኻ አታውቅም። ድምጿ ከሌሎቹ ወፈር ይላል፤ ሰው እንዳይለየው ስትል አፏን ብቻ ትከፍት ነበር። ይህን ከክሌይዴ በቀር ያወቀባት የለም።

«እባብ!» አሉ መምህር ኖርቤርቶ።

ዘጠኙ ወይዛዝርት ጮሁ። ታይናራም ጮኸች፣ በራሷ ድምፅ፣ ከደረቷ ሥር፣ ከሁሉም ጎልቶ እስኪሰማ ድረስ። ማንም ዞሮ አላያትም፤ እየዘለሉ ነበር፣ እሷም እየዘለለች ነበር። ዘጠኙ ጌቶች «ውሸት ነው!» አሉ። ክሌይዴ ግን የምትመልሰውን ረስታ፣ ፂሟ በእንባዋ እየታጠበ፣ ጓደኛዋን ታያት ነበር።